ሻንጣዋን የሸከፈች ዶሮ

ኪሮሽ በየቤታችን የኖረ ሙያ ነው። በእኔ ዕድሜ ካሉ እናቶች የሶፋ ልብስ ወይም የጠረጴዛ ዳንቴል ያልሠራች ጥቂት ናት። እኔም በነርስነት ሳገለግል ማታ ማታ ዳንቴል እሠራ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ወደ እንስሳት ዞርኩ። እንስሳቱ ለልጆች አይደሉም። አዋቂ ሰው እንዲስቅባቸው የተሠሩ ናቸው።

ሙያው አሚጉሩሚ ይባላል፤ ስሙ ጃፓንኛ ነው። «አሚ» በክር መሥራትን፣ «ኑይጉሩሚ» ደግሞ ውስጡ የተሞላ አሻንጉሊትን ያመለክታል። ዳንቴል ለሚያውቅ አይከብድም። በክር ቀለበት ውስጥ 6 ቋጠሮ ይጀመርና በየዙሩ 6 እየተጨመረ 12፣ 18፣ 24 ይሆናል። መጨመር ሲቆም ጎኑ ይቆማል፤ ሲቀነስ ይጠባል። ከመዘጋቱ በፊት ጥጥ ይሞላል። ኪሮሹ ለክሩ ከተለመደው ቀጠን ማለት አለበት፤ አለዚያ ጥጡ በቀዳዳው ይታያል። የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋብኝም ሌላ ቀለም ያለው ክር ጣል አደርጋለሁ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጎዙ ተቆጥሮ ይረጋገጣል። እኔም ቋጠሮውን ሳልቆጥር ዶሮ አልዘጋም።

ቀልዱን የምበደረው ከተረትና ምሳሌያችን ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። ስለዚህ ድመቷን ቆብ አድርጌላት ከቀሚሷ ሥር የአይጥ ጭራ ብቅ አደርጋለሁ። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብም ቁርበቱ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ሳቁ ያለው ፊቱ ላይ ነው። የዓይኑ ሽፋን እስከ ግማሽ ከወረደ የሰለቸው ይመስላል፤ ቅንድቡ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የተቆጣ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ በስፒል አስይዤ፣ ራቅ ብዬ አይቼ ነው የምሰፋው።

ሰው ሁሉ የሚወድልኝ ዶሮዋን ነው። 55ቱ የጾም ቀን ሊያልቅ ሲል ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻንጣዋን ሸክፋ ልትጠፋ የተነሳች ዶሮ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ አንዷን ለታላቅ ወንድሜ ወሰድኩለት። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ልጆቹ «እኛ ጋ ይግባ» ይላሉ። እሱ መልስ አይሰጥም፤ እኛም ደፍረን አንጠይቀውም።

ዶሮዋን አገላብጦ አያትና ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

«የምትሄድበትን ታውቀዋለች?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከቢላው ለመሸሽ ነው እንጂ አገርማ አልመረጠችም» አልኩት።

ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ ሻንጣዬን አልሸከፍኩም፤ ለልጆቹ ንገሪልኝ» አለ።

ነገርኳቸው። ቤተሰቡ ለወራት ሲዞርበት የነበረው ጉዳይ እንዲህ ተነሳ። አዋቂ ሰው ስለራሱ ከሚናገር ስለ ዶሮ መናገር ይቀለዋል። ዛሬ ወንድሜ እዚያው ቤቱ ነው፤ ልጆቹ ተራ እየገቡ አብረውት ያድራሉ።

ለምትሞክሩ ሦስት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ሳቁ በእንስሳው ላይ እንጂ በተቀባዩ ላይ አይሁን። ለሚያነክስ ሰው አንካሳ በግ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የልጅ ልጆች የሚመጡበት ቤት ከሆነ የፕላስቲክ ዓይንና አዝራር ይቅርና ዓይኑን በክር ጥለፉት። የተነቀለ አዝራር ሕፃን አፍ ከገባ የአየር ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ይህ የአዋቂ ነው ብሎ አይለይም። ሦስተኛ፣ ጣት ሲደነዝዝ ወይም አንጓ ሲያም ኪሮሹን አስቀምጡት፤ ዶሮ ለነገ ብትደርስ ምንም አትሆንም።

አሁን አህያ ይዣለሁ። በዚህ ወር ጡረታ ለሚወጣ፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ወሬ ለሚያንሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጭነቱን አጠገቡ አውርዶ፣ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። ጆሮዎቹ ብቻ ቀርተውኛል።