ሆድ ያባውን አስተርጓሚ አያወጣውም

እስቲ ዛሬ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ አርፎ ለቀብሩ ጥሊሊ ሄጄ ነበር። (ጥሊሊን ለማታውቋት፦ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ከቡሬ በኋላ፣ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት፣ በአውቶቡስ መስኮት አይታችሁ ያለፋችኋት ከተማ ናት።) አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬም ሊያስተዛዝነኝ አብሮኝ መጥቷል። ለቅሶው መሃል አያቴ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ በአውንጊ ሙሾ ታወርዳለች። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«በጣም አዝኛለሁ ነው የምትለው» አልኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ? አልገባኝም ነበር። የእኔ አውንጊ «ና፣ ብላ፣ በሩን ዝጋ» ላይ የቆመ የሕፃን አውንጊ ነው። አዲስ አበባ ማደጌን እንደ ምክንያት ያዙልኝ። ማታ አክስቴ ድንች እየላጠች «ለእንግዳው ምን ብለህ ነገርከው?» አለችኝ። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማዘኗንማ ማን አጣው! ‹ሆዴ እንደ ወለድኩህ ቀን አመመኝ፤ ዛሬ ግን የማቅፈው የለኝም› ነው ያለችው።»

እናላችሁ፣ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ነገሩ አልለቀኝ አለ። የእናት ሆድና የልጅ ሞት ሲነሳ ትዝ ያለኝ የሰሎሞን ፍርድ ነው። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3፦ ሁለት ሴቶች፣ በሕይወት ያለ አንድ ሕፃን፣ አንድ ሰይፍ። ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ሲባል እውነተኛዋ እናት ምን ተሰማት? ዕብራይስጡ የተጠቀመው ቃል «ራኀሚም» ነው። ርኅራኄ ማለት ነው፤ ነገር ግን ማሕፀን ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዞቹ ኪንግ ጄምስ «አንጀት» ብሎ ተረጎመው። ብዙዎቹ አዳዲስ እንግሊዝኛዎች ደግሞ አንጀቱን ጥለው «ርኅራኄ»፣ «ፍቅር» ብለው ያልፉታል። ልክ እንደ እኔ! በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛችን ግን አንጀቱን አልለቀቀም። ለምን ይለቃል? አንጀታችን ሲያዝን የሚላወስ፣ ሲደሰት ቅቤ የሚጠጣ ሰዎች ነን።

ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥም ቢሆን ሁልጊዜ አያዋጣም። ኩላሊትን ተመልከቱ። በዕብራይስጥ ኩላሊት የሰው ልጅ ድብቅ ሐሳብና ስሜት የሚቀመጥበት ስፍራ ነው፤ በኤርምያስ 17 ላይ እግዚአብሔር የሚፈትነው እሱን ነው። አማርኛውም ኩላሊት ብሎ አስቀረው። ለእኛ ትውልድ ግን ኩላሊት ሲባል ትዝ የሚለን እጥበት ነው። እኔማ ልጅ ሳለሁ እግዚአብሔር ጠጠር የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

መላውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የጎጃም ተወላጅ መሆኑን ታውቁ ነበር? አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃምም ይሉታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ፣ አስለን ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ጋር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በር እየዘጉ አሥር ዓመት ተቀመጡ። ፈረንሳዊው ከዐረብኛው ቀስ እያለ ያነብለታል፤ ከባድ ቃል ሲመጣ ዕብራይስጡንም ሌላውንም አይቶ ያብራራለታል፤ እሱ ይጽፋል። 9,539 ገጽ! አቡ ሩሚ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሲሞት አንድም ገጽ ታትሞ አላየም። ሙሉው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ያ ሰው በአንዲት ቃል ላይ ስንት ማክሰኞ እንደዋለ አስባለሁ። እኔ ሦስት ሰከንድ ነው የፈጀብኝ።

አያቴ ቅዳሴውን በግዕዝ፣ ስብከቱን በአማርኛ እየሰማች ነው ያረጀችው። ስታለቅስ ግን በአውንጊ ነው። ዛሬ በአዊ ልጆች በታችኞቹ ክፍሎች በአውንጊ ይማራሉ፤ ያን ቀን ከጎረቤት ልጆች አንዱን ብጠራ ኖሮ እንደ እኔ አያዋርዳትም ነበር።

ለአርባው ተመልሼ ሄድኩ። አያቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አክስቴን አስተርጓሚ አድርጌ መናገር ጀመርኩ። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ፈረስ ላይ አስቀምጦ እንዳዞረኝ… መሞቱ ሲነገረኝ ታክሲ ውስጥ እንደነበርኩና «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንደተጓዝኩ… ሙሾዋ ሳይገባኝ በመቅረቱ እንዳፈርኩ… ብዙ ተናገርኩ። አክስቴ በትዕግሥት ሰማችኝና ወደ እናቷ ዞራ በአውንጊ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። አያቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እትዬ፣ ምን አልሻት?»

«በጣም አዝኗል አልኳት» አለችኝ።