ያስፈራሁት እኔ ነኝ

ኤላት ባሕር ውስጥ ማታ ያነሣሁት፣ ብዙ ሰው አይቶ ያደነቀው የተነፋ ዓሣ ፎቶ አለ። ዓሣው እንዲያ ኳስ ያከለው ጠላት መጥቶበት አይደለም። እኔ በብረት ዘንግ ነካክቼው ነው።

እዚህ እስራኤል አቡ ናፍሃ የምንለው ይህ ዓሣ ፊቱ ላይ፣ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ጥቁር ጭምብል አለው። ቀን ሲቀርቡት ይሸሻል፤ ማታ ግን ኮራል ተደግፎ ይተኛል። ውሃ ከሁሉ አስቀድሞ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ፣ አሥር ሜትር ወርዶ ያለ ፍላሽ ያነሡት ሁሉ ሰማያዊና አመድማ ነው። ፍላሹም ቢሆን ሩቅ አይደርስም። ቀለም የፈለገ ሰው ክንድ ያህል፣ አንዳንዴም ስንዝር እስኪቀረው ድረስ መጠጋት አለበት። የዚህ ሥራ ፈተና ያለው እዚያ ስንዝር ውስጥ ነው፤ እንስሳው እጅህ ሥር ሲሆን እጅ አርፎ አይቀመጥም።

ፍላሹን ሳበራበት አልተነቃነቀም። የተኛ ዓሣ ደግሞ ማን ያይልኛል? ዘንጉን አውጥቼ ጎኑን ነካሁት። ነቅቶ ሊያመልጥ ሲል በግራ እጄ መንገዱን ዘጋሁበትና ሆዱን ደግሜ ገፋሁት። ያኔ ውሃ መጋት ጀመረ። አፉ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ሆዱ ይወጠራል፣ ቆዳው ይለጠጣል። ክንፎቹ ግን እንደዚያው ትንንሽ ናቸው፤ ያን ሁሉ አካል መግፋት አቅቷቸው ባሉበት ይርገበገባሉ። እኔ በዚያ መሃል የሚያሳስበኝ ፍላሾቼ ቶሎ ቻርጅ አለማድረጋቸው ነበር። በኋላ የአየር መለኪያዬን ሳይ ወደ 50 ባር ተጠግቷል፤ ያ ሳይነካ መውጣት ነው ደንቡ። ለገዛ ትንፋሼ ሲሆን ደንብ አክባሪ ነኝ። ዓሣውን እንደተነፋ ትቼው ወጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ባዮሎጂ ሌተርስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኋላ አጋጥሞኝ አነበብሁ። የተጠናው የእኔው ዓሣ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝርያ ነው። ሲነፋ ትንፋሹን ይይዛል ይባል የነበረው ልክ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የሚወስደው ኦክስጅን በብዙ እንደሚጨምርና ወደ ዕረፍቱ ለመመለስ በአማካይ 5.6 ሰዓት እንደሚፈጅበት ይገልጻል። እኔ ቤቴ ገብቼ፣ ሻወር ወስጄ፣ በልቼ፣ ፎቶዬን አሳምሬ ተኝቻለሁ።

ማመካኛ አላጣሁም። ስለ ፍላሽ ጉዳት ከጠላቂ ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ የምከራከረው እኮ ስለ እጄ ላለማውራት ነበር። በ2019 በባሕር ፈረስና በሌሎች የባሕር ወለል ዓሦች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያውካቸው መነካካቱ እንጂ ፍላሹ አለመሆኑን ሲያሳይ መሸሻዬ ጠፋ። የቀደሙት ከእኔ ይብሱ ነበርም እል ነበር። እውነት ነው፤ በ1956 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የወርቅ ዘንባባ በተሸለመው የጠላቂው የኩስቶ ፊልም ውስጥ ዓሣ ለመቁጠር ተብሎ ኮራል ላይ ዲናማይት ሲፈነዳ ይታያል። ግን እነሱ ያደረጉትን ቀርጸው አሳዩ። እኔ እጄን ከፎቶው ውጭ አደረግሁት።

ፎቶው በማኅበረሰባችን በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ራሱን ከጠላት ሲከላከል» ብዬ ጻፍሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ፊቱ ቆመው ብዙ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አስፈራው ልጄ?»

«ትልቅ ዓሣ መጥቶበት ነው እማማ።»

«ውይ! ታዲያ ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«እሰይ፣ ተመስገን!»

መነካካቱን በወጣትነትና በጉጉት ላሳብብ እችል ይሆናል። ለእሳቸው የመለስሁትን ግን በምንም ላሳብበው አልችልም። መትረፉን አላውቅም፤ ሳልጠብቀው ነው የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ይጠልቅ የነበረ አንድ ልጅ የራሱን የተነፋ ዓሣ ላከልኝ፤ «ካንተ ነው የተማርሁት» ይላል። እንዴት እንዳነሣው ሳልጠይቅ «ጎበዝ» አልሁት። ለምን አልጠየቅሁም? መልሱን ስለማውቀው ነዋ። በቅርቡ ደውዬ የእኔን ነገርሁት። ዝም አለና «ሁሉም ያደርገዋል እኮ ጋሼ» አለኝ። ከማን እንዳየው ግን አልነገረኝም፤ ይሉኝታ ይዞት ይመስለኛል።

ለዐውደ ርእዩ አዘጋጆች ደግሞ መግለጫውን ቀይሬ ላክሁ፦ «ፎቶ አንሺው በዘንግ ነካክቶት የተነፋ»። ለልጆች ጥሩ አይደለም፣ የድሮው ይሻላል አሉኝ። እንግዲያው ፎቶውን አውርዱት ብያለሁ። እስካሁን አላወረዱትም።