ባለ 216 ፍሬው ሳጥን

ዛሬ ንዴቴን እዚህ ካላወጣሁት እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የጎረቤቴን ልጅ፣ ባለ ነጭ ኮሮላውን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን ባለ 216 ፍሬ የመፍቻ ሳጥን ገዝቶ ፎቶውን ሲለጥፍ «እንኳን ደስ ያለህ» ብላችሁ አጥለቅልቃችሁታል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን «አያ፣ ና እስቲ እየው፣ ምን ሁኖ እንደሆነ አላውቅም» ብሎ ጠራኝ። የፊት ፍሬን ሸራ ሊቀይር የጎማውን ዳዶዎች እያላላ ነበር። ሌሎቹ እሺ ብለዋል። አንዷ ዝጋ ተጣብቃለች። የ21ን ቡሶላ ገጥሞ ሲጎትት ቡሶላው ይዞራል፣ ዳዶዋ ቆማለች። ጉልበት ሲጨምር ጭራሽ ማዕዘኖቿ ተልጠው ክብ ሆነች። ከሰዓት በኋላ ከደጀን የዓባይን ገደል ወርዶ ከጎሐ ጽዮን ሰው ሊያመጣ ቃል ገብቶ ነበር።

የኔን የ20 ባለ ስድስት ማዕዘን አመጣሁና በመዶሻ መታ መታ አድርገን ዳዶዋ ላይ ተከልናት። ረጅሙን እጀታ ይዘን ቀስ እያልን ስንጫን «ቋ!» አለችና ለቀቀች። ዳዶዋ ተጣለች፣ አዲስ ገባች። ይህን ያህል ነው ታሪኩ። እኔን ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ ያየሁት ነው።

የላይኛው ንጣፍ ላይ የካቻቢቴ ጫፍ፣ የኮከብ ጫፍ፣ የአለን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላ ጫፍ። እነዚህ ሁሉ ተቆጥረው ነው 216 የሆነው። የ21ዷን ቡሶላ ገልብጬ አፏን ወደ ፀሐይ ሳዞራት ከውስጥ በኩል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለባት። ከንፈሯ ደግሞ በሰፊው ተገርድፎ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ስለሆነ ዳዶውን መያዝ የምትጀምረው ጥልቅ ብላ ከገባች በኋላ ነው። የጎማ ዳዶ ስስ ሲሆን ምን እንደምትይዝ አስቡት። ላይዋ ግን እንደ መስታወት ያበራል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍም ታትሞባታል። ያ ጽሑፍ ዛሬ የሌለበት ዕቃ የለም። ብረቱ በእሳት እንዴት እንደበሰለና እንዴት እንደቀዘቀዘ ጽሑፉ አይናገርም፤ ጥንካሬው ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1920 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ጆንሰን የሚባል ሰው አምስት እጀታና አሥር ቡሶላ አዘጋጅቶ፣ እየተፈራረቁ ሲገጣጠሙ የሃምሳ ቁልፍ ሥራ እንደሚሠሩ አሳየ። ስናፕ ኦን የሚባለው ድርጅት የተነሳው ከዚያ ነው። የቡሶላ ጥቅሙ ሲፈጠር ጀምሮ ዕቃ ማሳነስ ነበር! እኛ ደግሞ ዛሬ በፍሬ ብዛት እንገዛለን።

ስለዚህ በውስጥ መስመር «የቱን ልግዛ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴን እዚሁ ልስጣችሁ። መጀመሪያ ግቢያችሁ ውስጥ የቆመችውን መኪና እዩ። ቶዮታ ከሆነች፣ ቪትዝም ትሁን ኮሮላ ወይም አባዱላ፣ ቀኑን ሙሉ የምትነኩት 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ነው። ጎማዋ በ21 ነው የሚፈታው። አውሮፓ ሠራሽ ከሆነች 13 እና 16፣ አንዳንዴም 18 ያስፈልጋችኋል። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ቡሎን ጃፓን ውስጥ ሲሠራ ራሱ 12 ነው፣ አውሮፓ ሲሠራ 13 ነው። ይህን ባለማወቅ የጃፓኑን ራስ በ13 «ቀረብ ይላል» እያሉ የሚልጡ ልጆች ስንት እንዳሉ ቢቆጠር ያስለቅሳል። ቀረብ ይላል የሚባል ልክ የለም። ወይ ልኩ ነው ወይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ውሰዱ። ባለ አሥራ ሁለቱ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ስለሚገጥም ይወደዳል፤ ነገር ግን የቡሎኑን ራስ የሚገፋው ጠርዙ አጠገብ ነው፣ የዛገውንና የተጎዳውን ወዲያው ይልጠዋል። ገደል ለገደል ከሚውል መኪና ላይ ያልዛገና ያልተጎዳ ቡሎን የት ይገኛል?

የእጀታውን መግቢያ በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በየሱቁ የተሰቀለችው ባለ 46 ፍሬዋ ትንሽ ሳጥን ሩብ ኢንች ናት። ቡሶላዎቿ ከ4 እስከ 14 ናቸው፣ ብዛታቸውም 13 ብቻ ነው፤ የቀረው ጫፍና ማራዘሚያ ነው። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል፣ ለመኪናም ውስጥ ለውስጥ ላሉ ትንንሽ ቡሎኖች ጥሩ ዕቃ ናት። ነገር ግን በእሷ እጀታ ላይ ቱቦ አስገብታችሁ ጎማ ልፍታ ካላችሁ እጀታውም ጣታችሁም ይሰበራል። ለቤት መኪና አንድ ብቻ ግዙ ብባል ግማሽ ኢንች እላለሁ። ሁለት መግዛት ለሚችል፣ ለሞተሩ ዙሪያ ሦስት ስምንተኛ፣ ለጎማና ለእግር ክፍሉ ግማሽ ኢንች። የአሮጌ ኢሱዙ የኋላ ጎማ ሌላ ዓለም ነው፤ የውጭው ዳዶ 41 ነው፣ የውስጡ ባለ አራት ማዕዘን 21፣ በግራ በኩል ያሉት ደግሞ ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው። እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ የሚውል ረዳት አይታችሁ አታውቁም? ያንን ለጎሚስታ ተዉለት።

ክርክር የሚለውን እጀታ ስትገዙ ጆሯችሁን አስጠጉና አዙሩት። ውስጡ 24 ጥርስ ካለው ቀጣዩን ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ መሄድ አለበት፤ 72 ጥርስ ካለው 5 ዲግሪ ይበቃዋል። የቪትዝ ኮፋኖ ከፍቶ እጁን ያስገባ ሰው የዚያን የአሥር ዲግሪ ልዩነት ዋጋ ያውቃል። የጠበቀ ነገር ለማላላት ግን እሱን አትጠቀሙ፤ ጥርሱን ታረግፉታላችሁ። ለዚያ ጥርስ የሌለው ረጅም እጀታ አለ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ከመኪናችሁ የተፈታ ቡሎን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ውረዱ ደብረ ማርቆስ፣ ባለሱቁ ፊት ቡሶላውን ገጥማችሁበት አወዛውዙት። ግራ ቀኝ ብሎ የሚጫወት ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ባለሱቁ ይቆጣ፣ ግድ የለም። ፍሬ በፍሬ የሚሸጥ ካገኛችሁ ደግሞ ሰባት ጥሩ ቡሶላ ከሁለት መቶ ኮተት ይበልጣል።

እና ይህን ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠን ለልጁ እያሳየሁት ሳለ አንዲት የማከብራቸው እናት በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንተ ልጅ፣ ዲግሪ ይዘህ እንዲህ ቅባት ተለቅልቀህ ትውላለህ? አባትህ ለዚህ ነው ያስተማረህ?» አሉት። ልጁ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሁለቱን እጆቹን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የራሱን ፍሬን በራሱ እጅ ሊያስተካክል የተቀመጠ ጎልማሳ እጁን ደበቀ!

ቀኑን ሙሉ ያልለቀቀኝ ይህ ነው፤ የቡሶላው ስንጥቅ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የእጅ ሥራን መናቅ ዛሬ አልተጀመረም። በልጅነቴ እኛ ሰፈር ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ዳር፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ ነበር። ክረምት ሲገባ አገሩ በሙሉ ማረሻውን ተሸክሞ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ ያለ እሱ የሚታረስ መሬት የለም። ማረሻውን አስልቶ የሚመለሰው ሰው ግን ከእሱ ማዕድ አይቆርስም፣ ልጁን ለእሱ ልጅ አይድርም፣ ማታ ደግሞ «ዓይኑን ፍሩ» እንባላለን። እህሉ የበቀለው በማን ብረት እንደሆነ ማንም አያነሳም ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ደጁን በሩጫ ነበር የማልፈው።

ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ገባች፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ከባሕር ጠረፍ እየገፋ እየጎተተ ያደረሳት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አንጥረኛውንም ሸማኔውንም በሙያው አትስደቡ ነው ነገሩ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት ገቡ። መኪናዋ ተስፋፍታ ደጀን ደረሰች፣ ገደሉን ወረደች፣ ገደሉን ወጣች። አዋጁስ? አዋጁ እስካሁን እኛ ሰፈር አልደረሰም። እማማ፣ እወድዎታለሁ፣ ይህ ልጅ ዲግሪ ይዞ ቅባት መንካቱ ሊያኮራዎት ይገባል። ከባሕር ዳር ሲመለሱ የሚሳፈሩበት ሚኒባስ የሚሄደው በዚያ ቅባት ነው።

ደግሞም ዘመኑን እንወቅ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋ የት እንደወጣ ሁላችሁም በኪሳችሁ አይታችኋል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ማን ነው የሚያቆያቸው? በየግቢው እጁን ለመቆሸሽ ያልፈራ ልጅ ነው። ታዲያ ለዚህ ልጅ ቢያንስ የማይሰነጠቅ ቡሶላ አይገባውም?

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ማጥበቅን እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ሰው ይሞታል። ለብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች የጎማ ዳዶ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። የአንድ እጅ ሥራ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እጀታው ላይ በእግራችን ቆመን እንዘላለን። ሰባ ኪሎ ሰው ዝም ብሎ ቢቆምበት እንኳ ከልኩ ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቡሎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ቀን ጠብቆ ይበጠሳል። ያ ቀን ደግሞ መንገዱ ሜዳ ሲሆን አይመጣም። ከእኛ ከተማ ጫፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ይግላል፣ ጎማ ይግላል፣ በየመታጠፊያው ክብደቱ ሁሉ አንድ ጎን ላይ ይወድቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት አባቶቻችን የጎማ ዳዶ አይተው የተናገሩት ነው የሚመስለኝ።

ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ በተርታ አትሂዱ። መጀመሪያ ሁሉንም ለስለስ አድርጋችሁ፣ መኪናዋን ከክሪክ አውርዳችሁ ከዚያ ጨርሱ። ጎማ በተፈታ ማግስት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እንደገና ፈትሹ። የልጁን መኪና ዛሬ እንዲህ ነው ያጠበቅነው፤ ጎሐ ጽዮን ደርሶ ተመልሷል፣ እየነገርኳችሁ ያለሁት ደህና ገብቶ ቡና ከጠጣን በኋላ ነው።

ልኩን የሚናገር ቶርክ ሬንች ለአንድ ሰው ኪስ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ሰፈር ግን ውድ አይደለም። ጎማ በየቀኑ አይፈታም፤ አንዱ ዕቃ ለሃያ ግቢ ይበቃል። ስለዚህ ዕቁብ ጀምሬያለሁ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፣ ዕቃው ሲገዛ የሚቀመጠው ልጁ ጋ ነው፣ የሚያጠብቅላችሁም እሱ ነው፣ በዚያ በደበቀው እጁ። መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን ከታች ጻፉ። የአምናው ዕቁብ ቀሪ ያለባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።