ከአናፖሊስ ወደብ፦ ሰፌድ የመሰለው ገመድ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ጉብኝቱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ዋይት ሐውስን በአጥር በኩል ታያላችሁ። በሁለተኛው ቀን ቅናሽ አለ ወደተባለበት የገበያ ማዕከል ትወሰዳላችሁ። የቀረው ጊዜ በየዘመዱ ቤት «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሲባል ያልቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳምንት ሙሉ ተቀምጣችሁ ስትመለሱ፣ አብዝታችሁ የምታስታውሱት አዲስ አበባም የነበረውን ክትፎ ይሆናል።

እኔም ወንድሜ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ እንዲሁ ሊያልቅብኝ ነበር። ዓርብ ማታ ግን «ነገ ጋሼ በጀልባቸው ሊወስዱን ነው። ሶሉ ነጭ የሆነ ጫማ አለሽ?» አለኝ። ጥቁር ሶል የጀልባውን ወለል ያበላሻል። እኔ አልነበረኝም፤ የሚስቱን ስኒከር አድርጌ ሄድኩ።

አናፖሊስ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አትሞላም። የሜሪላንድ ዋና ከተማ ብትሆንም በእግር ተዞራ የምታልቅ ናት። መንገዶቿ ቀይ ጡብ ናቸው። በኮረብታው ላይ ያለው የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1772 የተጀመረ ሲሆን ዛሬም ሕግ ይወጣበታል። አሜሪካም ለጥቂት ወራት፣ ከ1783 መጨረሻ እስከ 1784 አጋማሽ፣ ዋና ከተማዋ ይህችው ነበረች። የባሕር ኃይል አካዳሚው ደግሞ ከወደቡ አጠገብ ነው፤ ነጭ የለበሱ ወጣቶች በየካፌው ታያላችሁ። ጠዋት ቶሎ ድረሱ፤ ቅዳሜ ከረፈደ መኪና ማቆሚያ አይገኝም።

ወደቡ ዳር አንድ የነሐስ ሐውልት አለ። የ«ሩትስ» ደራሲ አሌክስ ሄይሊ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ፣ ሦስት ሕፃናት ከፊቱ ሆነው ያዳምጡታል። እ.ኤ.አ. በ1767 ሎርድ ሊጎኒየር የተባለች መርከብ ከጋምቢያ ያመጣቻቸውን ባሪያዎች ያራገፈችው በዚሁ ወደብ ነው። ሄይሊም አያቴ የሚለውን ኩንታ ኪንቴን ፈልጎ የደረሰው እሷ ላይ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ከነሐሶቹ ልጆች መሃል ገብቶ ተቀመጠ፤ ፎቶ አነሳሁት። ቀጥሎ «አክስቴ፣ እነሱም በሸራ ነው የመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ወደ ጀልባው ሄድን።

ጋሼ የወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይላችን አገልግለዋል፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጀልባቸው አሥር ሜትር የምትሆን፣ ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ ባለ ሸራ ናት። ስለ ሸራ የማውቀው አይሱዙ ላይ የሚታሰረውን ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው፣ «እሱም ገመድ አለው አይደል? ግማሹን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ርዝመቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሰባት ሜትር አይሞላም። ከወደቡ ስትወጡ በስተ ሰሜን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቤይ ድልድይ ይታያችኋል። በስተ ደቡብ ደግሞ በብረት እግሮች ላይ የቆመች፣ ውኃ መሃል የተረሳች ጎጆ የምትመስል የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት አለች። ከ1875 ጀምሮ እዚያው ናት። ሞተሩ ሲጠፋና ሸራው ሲሞላ የሚመጣውን ጸጥታ ለመግለጽ አልሞክርም። ልጁ እንኳ ስልክ አልጠየቀም።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ፎቶ ወደሚሆነው ነገር ነው። ጀልባው ላይ ደግሞ በየቦታው ገመድ አለ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከደቀሉ ሥር፣ ማለት ቀጥ ብሎ ከቆመው ምሰሶ ሥር፣ ሸራውን ወደ ላይ የሚያነሳው ገመድ ትራፊ ተዝረክርኮ አየሁት። ቁጭ ብዬ ከመሃል ጀምሬ ዙሪያውን እያስጠጋሁ አንድ ሰፌድ ሠራሁለት። እንዳይበተንም ጫፉን ከሥሩ ወሸቅሁት። የእናቴ ሰፌድ እንኳ እንደዚያ አያምርም። አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳሁ። ጋሼ ኋላ መሪው ላይ ስለነበሩ አላዩኝም።

ቀትር ካለፈ በኋላ ምዕራቡ ጠቆረ። በዚያ አካባቢ በበጋቸው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። ጋሼ ሰማዩን አይተው «ሸራ እንቀንስ» አሉ። ነገሩ ሱሪን ከእግር እንደመጠቅለል ነው። ሸራው በመጠኑ ወደ ታች ይለቀቃል። ከዚያ ከታች ያለው ክፍል መቀነሻ በሚባለው ገመድ ተስቦ፣ ሸራው በእግሩ ከታሰረበት አግዳሚ ምሰሶ ጋር ይጣበቃል። ነፋሱ የሚገፋው ሸራ ያንሳል፤ ጀልባዋም ቀና ትላለች። ጋሼ መሪውን ለወንድሜ ሰጥተው፣ የደህንነት ቀበቷቸውን ከጀልባዋ ጋር አያይዘው ወደ ደቀሉ ሄዱ።

ሸራው ግማሽ መንገድ ወርዶ ቆመ። የእኔ ሰፌድ ነበር። ጫፉ ከሥር ተወሽቆ ስለነበር ገመዱ ሲሮጥ ሰፌዱ እንዳለ ተነሳና ተቋጥሮ ገመዱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተሰነቀረ። ነፋሱ ደረሰ። ያልተወጠረው ሸራ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ አግዳሚው ምሰሶ ወዲያና ወዲህ ይወናጨፋል፤ ልጁ አባቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው ሰው በአንድ እጃቸው ደቀሉን አቅፈው፣ በሌላው እጃቸው የእኔን ቋጠሮ በጣታቸው ይፈለቅቃሉ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከውኃው ምን ብዬ እንደማወጣቸው አሰብኩ፤ ልጆቻቸውን ምን እንደምል ሁሉ አሰብኩ።

ሸራው ወረደ። «ቀዩን ሳቢ!» አሉኝ፤ ሳብኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መቀነሻው ገመድ ሸራው ሙሉ በሆነ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስ ነው፤ ሸራው ሲያጥር ያ ሁሉ ርዝመት ትርፍ ሆኖ ወደ እኛ መጣ። ከሦስት ሜትር የሚበልጥ እርጥብ ገመድ መቀመጫችን ሥር ተከመረ። ጋሼ ሲመለሱ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «የልጁን እግር አውጪው።» ወደ ታች ሳይ የልጁ ቁርጭምጭሚት በሁለት ዙር ገመድ መሃል ነበር። ያ ገመድ በዚያች ሰዓት ከላይ ቢለቀቅ ልጁን ይዞ ይሄድ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ግማሽ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበር። ነፋሱ እየነፈሰ፣ ጀልባዋ ግን ረግታ፣ ጋሼ ትርፉን ገመድ እንዴት እንደማስቀምጠው አሳዩኝ። እኔም የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ጀልባ ባትሳፈሩም የአትክልት ውኃ ጎማ አያጣችሁም።

ገመድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ ሲጠቀለል በየዙሩ አንድ ጥምዝ ይይዛል። ተፈትቶ ሲሮጥ እነዚያ ጥምዞች ይሰበሰቡና ቋጠሮ ይሆናሉ። ስለዚህ እንደ እሳቸው ያለ የተጎነጎነ ገመድ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይታጠፋል፤ አንዱ ዙር የሌላውን ጥምዝ ያጠፋዋል። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲያደራ አይታችሁ እንደሆነ ድሩን በካስማዎቹ መሃል እያመሳቀለ ነው የሚያሳልፈው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ደስ አላቸው።

ሁለተኛው ነገር ከየት እንደሚጀመር ነው። በእጅ ጠቅልላችሁ የምትሰቅሉት ከሆነ፣ ገመዱ ከተያዘበት በኩል ጀምራችሁ ወደ ነጻው ጫፍ ትሄዳላችሁ፤ ጥምዙ በጫፉ በኩል ይወጣል። በኪስ የምታስቀምጡት ከሆነ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከመቀመጫው ጎን የተሰፋ ትልቅ የመረብ ኪስ አለ፤ መጀመሪያ የሚገባው ነጻው ጫፍ ነው፣ ከዚያ ሳይጠቀለል እየተደራረበ ይጨመራል። ያኔ ቀድሞ የሚወጣው ከላይ ይሆናል። ለዓይን አያምርም፤ ጥንቅጥቁ የወጣ የልብስ ቅርጫት ይመስላል። «ይሄ ያስጠላል» አልኳቸው በቅንነት። «የአንቺ ቆንጆ ነበር» አሉኝ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ሦስተኛውን ለራሴ ብሆን አላየውም ነበር። ሸራው አንድ ደረጃ ሲቀነስ፣ ለሁለተኛው ደረጃ የተዘጋጀው አረንጓዴ ገመድም ይላላና ከሸራው ጀርባ እንደ ልብስ መስጫ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እጅም አንገትም ሊጠልፍ ይችላል። ላላ ያለው እስኪያልቅ ብቻ ይሳባል፤ ከዚያ በላይ ከተጎተተ የሸራውን ቅርጽ ያበላሻል። ልኩን እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው ያገኘሁት።

ዝናቡ በስተ ሰሜን፣ በድልድዩ በኩል አለፈ፤ እኛን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነካን። ነፋሱ ሲበርድ ሸራውን መልሰን ሙሉ ልናደርግ ሆነ። ጋሼ መቀነሻውን እንድለቀው እኔን ነገሩኝ። ልጁ ሳልነግረው እግሩን ወንበሩ ላይ አወጣ። ለቀቅሁት፤ ቀዩ ገመድ ከኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ ወጣ፤ አንድም ቦታ አልያዘም። የሰማሁት ድምፅ ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ወደብ ስንደርስ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጋሼ በጀልባዋ ዙሪያ ሄደው ውኃ ውስጥ የገባ ገመድ እንዳለ አዩ፤ ከተንጠለጠለ ከሥር ያለው መዘውር ጠምጥሞት ሞተሩን ያቆመዋል። ከዚያ ገመዶቹን በንጹሕ ውኃ አጠብን። ጨው ያደርቃቸዋል፤ የደረቀ ገመድ ደግሞ አይታዘዝም አሉን።

መሄድ የምታስቡ ከሆነ፣ እንደ ጋሼ ያለ ዘመድ ባይኖራችሁም፣ ከወደቡ በክፍያ የሚያሳፍሩ ባለ ሸራ ጀልባዎች አሉ፤ ልጆችንም ይወስዳሉ። ሴፕቴምበር ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ነጎድጓዱም ይረግባል። ኦክቶበር ላይ ዓመታዊው የጀልባ ትርዒት ስላለ ከተማዋ ትጨናነቃለች። ለልጆች ልካቸው የሆነ የሕይወት አድን ሰደርያ መኖሩን ሳትሳፈሩ ጠይቁ። ምግቡ ሸርጣንና ኦይስተር ነው፤ እኔ አሳ ብዬ ተገላገልኩ።

ስንሰነባበት ጋሼ ለልጁ አንድ ሜትር የምትሆን ቁራጭ ገመድ ሰጡት። መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ መሃል ስምንት ቁጥር ሲሠራባት ሲፈታት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው።