ዓሣውን ግዙ፣ አኒሞኒውን ለባሕሩ ተዉለት

ናይሮቢ ጊጊሪም ሆነ አዲስ አበባ ሆናችሁ የባሕር ዓሣ ቤታችሁ ውስጥ ለማኖር ለምታስቡ ወዳጆቼ ይህን እጽፋለሁ። ልጆቻችሁ «ኒሞ ይገዛልን» ካሏችሁ ግዙላቸው። ብርቱካናማው፣ ነጭ መቀነት የታጠቀው ክላውንፊሽ በደንብ ከተያዘ በቤት አኳሪየም ውስጥ ለረጅም ዓመታት ይኖራል። አብሮት የሚሸጠውን አኒሞኒ ግን አትግዙ። ሁለቱንም ስለምወዳቸው ነው ይህን የምለው፤ ምክንያቴንም በዝርዝር ላስረዳ።

አኒሞኒ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ። እንደ ጣት በተዘረጉት እጆቹ ላይ በዓይን የማይታዩ መርዛማ መውጊያዎች አሉት። ሌላ ትንሽ ዓሣ ቢነካቸው ሊሞት ይችላል፤ ክላውንፊሽ ግን ቆዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚጠብቀው በመካከላቸው ተኝቶ ያድራል፣ እንቁላሉንም እሥሩ ይጥላል። ውለታውንም ይከፍላል። ቢራቢሮ ዓሣዎች አኒሞኒውን ሊግጡ ሲመጡ ያባርራቸዋል። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻ በአኒሞኒው ውስጥ ለሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ይሆናል። ሌሊት ደግሞ በመካከሉ እየተንቀሳቀሰ ኦክስጅን ያለው ውሃ ያደርስለታል። በዓለም ካሉት ከ1,000 በላይ የአኒሞኒ ዝርያዎች ክላውንፊሽን የሚያስጠጉት 10 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ዓሣውን ያለ ጸጸት መግዛት የሚቻለው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ ሲራባ ስለቆየ ነው። ክላውንፊሾች ሁሉ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ትንንሾችን አንድ ላይ ብታሳድጉ ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ጥንድ ይሆናሉ። እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ ሳምንት ገደማ እያራገበና እያጸዳ ይቆይና ጫጩቶቹ ከመሸ በኋላ ይፈለፈላሉ። በባሕር ውስጥ አኒሞኒ የሌለው ክላውንፊሽ በአዳኞች ይበላል። አኳሪየም ውስጥ ግን አሳዳጅ ስለሌለው ያለ አኒሞኒ ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ አንዳንዱም በሰው እጅ የተባዛ ለስላሳ ኮራል ሲያገኝ እሱን ቤቱ ያደርጋል።

አኒሞኒው እንዲህ አይደለም። ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው ከኮራል ሪፍ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው። ብርቱ ብርሃን፣ የማይዋዥቅ ጨዋማነትና ሙቀት ይፈልጋል። ቦታው ካልተስማማው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ይቆራረጣል። ሞቶ ከበሰበሰ ደግሞ ውሃውን መርዞ ዓሣዎቹን ይዞ ይጠፋል። ተፈጥሮው ግን ለረጅም ዕድሜ ነው። ጆን ዳሊየል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1828 ከባሕር ዳርቻ ያነሣት የሌላ ዝርያ አኒሞኒ ኤደንብራ ውስጥ እስከ 1887 በማሰሮ ውሃ ውስጥ ኖራለች። ዘመን የሚሻገርን ፍጡር በጥቂት ወራት የምንጨርሰው ከሆነ፣ የገዛነው ጌጥ ዋጋው ከከፈልነው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል።

የምንኖርበት ከፍታም ነገሩን ያከብደዋል። ጊጊሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳር ካለችው ከሞምባሳው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ጉድለቱ ሩብ ይደርሳል። ፓምፑ የውሃውን ገጽ እያናወጠ እስካለ ድረስ ይህ ችግር አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱ በፍጥነት ይሮጣል። ኦገስት 25 ቀን 2023 መላው ኬንያ ሲጨልም የናይሮቢ ብዙ ሰፈሮች ለረጅም ሰዓታት መብራት አላገኙም ነበር። ክላውንፊሽ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ እንዲህ ያለውን ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ዕቃ ግዙ።

የቀይ ባሕሩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን ያየ ተመራማሪ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። የቀይ ባሕሩን ክላውንፊሽም በ1830 መዝግቦ የሰየመው ይኸው ሰው ነው። ዋልያን ስናይ «የእኛ» እንላለን፤ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን ይህን ዓሣ ግን አብዛኞቻችን በስሙ እንኳ አናውቀውም። በ2023 የቀይ ባሕር ውሃ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል ባሉ ሦስት ሪፎች ላይ የተደረገና በ2025 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አኒሞኒዎቹ ውስጣቸው ያለውን አልጌ አጥተው ነጡ፤ ከ66 እስከ 94 በመቶ የሚሆኑት ሞቱ። ከነሱ ጋር ከ94 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት ክላውንፊሾች አለቁ። ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቱም አልተረፈም።

ሙቀቱ አኒሞኒውን እንዲህ እያጠቃው ባለበት ጊዜ የሰው እጅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ፊሊፒንስ ውስጥ ሴቡ ዙሪያ ተጠንቶ በ2005 የወጣ ጽሑፍ፣ ለአኳሪየም ንግድ በሚለቀምባቸው ሪፎች ላይ አኒሞኒውም ክላውንፊሹም ከተጠበቁት ሪፎች ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ያሳያል።

ሕጉ አኒሞኒውን ይጠብቀዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ጊጊሪ ነው። በ2016 እና በ2019 ስለ ኮራል ሪፎች የተላለፉት ውሳኔዎች የጸደቁት በዚህ ግቢ በተደረጉ ጉባኤዎች ነው። ኢትዮጵያ በ1989 የተቀላቀለችው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ሳይትስ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቭ ቢሆንም የሚተዳደረው በዚሁ ፕሮግራም ሥር ነው። ያ ስምምነት የድንጋይ ኮራሎችን ንግድ ይቆጣጠራል፤ አኒሞኒን ግን አይጨምርም። ስለዚህ በሪፉና በሱቁ መካከል የቀረው ዋናው ጠባቂ የገዢው ኅሊና ነው።

በኬንያ ባሕር ዳርቻ ከኪሊፊ እስከ ሺሞኒ ጠልቀው በእጅ መረብ የጌጥ ዓሣ እየያዙ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እንጀራቸውን ማንም እንዲነካባቸው አልፈልግም። በእጅ መረብ አንድ አንድ ዓሣ መያዝ፣ በልክ ከሆነ፣ ሪፉ ሊተካው የሚችል ሥራ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገውን አኒሞኒ መንቀል ግን የነገውን ዓሣ ቤት ማፍረስ ስለሆነ የሚጎዳው እነሱኑ ነው። ደግሞም ሪፉ እዚያው እያለ የሚያበላቸው መንገድ አለ። ከ2017 ጀምሮ ናይሮቢና ሞምባሳ በአዲሱ ባቡር ተገናኝተዋል። ከሞምባሳ ወደ ሺሞኒ ወርዳችሁ በጀልባ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ ድረስ ሂዱ፤ ወይም ከ1968 ጀምሮ ወደ ተከለሉት ማሊንዲና ዋታሙ ውጡ። ለልጆቻችሁ የውሃ መነጽር አድርጉላቸው። ኒሞን የመሰለው ዝርያ በኬንያ ባሕር የለም፤ ነገር ግን አላርድ የሚባለው ባለ ነጭ መቀነትና ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለው ስካንክ ክላውንፊሽ አሉ። የጀልባ ነጂውም ደመወዙን ያገኛል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩን «ይህ ዓሣ የት ተፈለፈለ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትግዙ። አኒሞኒ የግድ ካማራችሁ፣ ባብል ቲፕ የሚባለው ዝርያ አኳሪየም ውስጥ ራሱን ለሁለት ከፍሎ ይባዛል፤ ልምድ ያለው ሰው ከራሱ ገንዳ የተከፈለውን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ፤ የእናንተም ውሃ እስከዚያ ይረጋ። «የት ተፈለፈለ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ገዢ ከመጣ ነጋዴው የሚያስመጣውን ይለውጣል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልገንም።