ቆርጣችሁ ትከሉ እንጂ ቆርጣችሁ አትጣሉ

ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት የጋዜጠኝነት ምሩቃን «ቤታችን ዓሣ አለ» ሲሉ፣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ?» ብሎ ነው። እውነትም ሰው ዓሣ ሲባል መጥበሻ ነው የሚታየው። እኛ ግን የምንኮራው በዓሣዎቹ እንኳ አይደለም፤ ከኋላቸው ቀጥ ብላ በቆመችው ተክል ነው። ስሟ ሃይግሮፊላ ነው። ዘሯ ከህንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ የደረሰችው ከአዲስ አበባ፣ በጓደኛ ቦርሳ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልላ ነው። (ጋዜጣ ዛሬም ሥራ አለው ለማለት ያህል!)

እሷን ማሳደግ እንደሚፈራው አይደለም። ገንዳውን መስታወት ቤት አስቆርጠን በሲሊኮን አስጣበቅን። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠብን። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ አሳደርን። ከዚያ የእያንዳንዱን አገዳ የታች ቅጠል አራግፈን፣ ባዶውን አንጓ አሸዋ ውስጥ ቀበርን፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓዋ ነውና። ታዲያ እንደ ቄጠማ አንድ ላይ አስሮ መትከል የለም። አንድ በአንድ፣ ጣት ጣት ያህል አራርቆ ነው። ያለዚያ መሃል ያሉት ብርሃን ያጣሉ።

ዋናው ጉዳይም ብርሃን ነው። የነቀምቴ ክረምት ረጅም ነው፤ ሰማዩ ለወራት ደመና ለብሶ ይከርማል። በመስኮት ብርሃን ብቻ የቆመች ተክል ወደ ላይ ትመዘዛለች፤ አንጓና አንጓዋ ይራራቃል፣ የታች ቅጠሏ ይረግፋል፣ ቁመት ብቻ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ኤልኢዲ አምፖል ከላይ ሰቅለን በቀን 8 ሰዓት እናበራለን። «ቢበዛስ?» ለሚል መልሱ አልጌ ነው፤ መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል። መብራት የጠፋ ዕለትስ? ምንም አትሆንም። አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ትችላለች፤ ከእኛ ይልቅ ታጋሽ ናት።

ቀለቧ የዓሣው ኩስ ነው። እንድትፈጥን የሚሹ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ስኳርና እርሾ በጥብጠው፣ የሚወጣውን አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ይልካሉ። የጠላ ድፍድፍ ሲፈላ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ ነው። እኛ አልሞከርነውም፤ ያለሱም ታድጋለች።

ቁም ነገሩ ያለው ውሃው አናት ላይ ስትደርስ ነው። መቀስ አንስቶ ከመሃል መቁረጥ! አንጀት ይጠይቃል። ግን የተቆረጠው ጫፍ እንደገና አሸዋ ውስጥ ሲተከል ሥር ይሰዳል፤ የቀረው ጉቶ ደግሞ ከአንጓው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ያወጣል። በአንድ መቀስ አንዷ ሦስት ሆነች ማለት ነው። እንዲህ ያለ በረከት የት ይገኛል?

ችግሩም እዚሁ በረከት ውስጥ ነው። ገንዳው በየሳምንቱ ይሞላል። ትርፉ የት ይሂድ? «ቦዩ ውስጥ ጣሉት፣ ሣር አይደል?» ይሉናል። አይደለም!

ይህችው ሃይግሮፊላ በእኛ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ ለዓሣ ገንዳ ጌጥ አሜሪካ ገባች። ከገንዳ ወጥታ ፍሎሪዳ ውስጥ ወንዝና ቦይ የምትዘጋ አረም ሆነች፤ የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥትም በአደገኛ አረምነት መዘገባት። ይህ የሩቅ ወሬ ከመሰላችሁ የቤታችንን እናምጣ፦ እምቦጭ። እሱ ተንሳፋፊ ነው፣ እሷ አሸዋ የምትጨብጥ ናት፤ ታሪካቸው ግን አንድ ነው። እምቦጭ ከአማዞን ምድር ተነሥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ፣ ሰው በእጁ እየወሰደ ነው። አገራችን ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘመቻ ተከፍቶ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል እንደዋለ አይተናል።

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ምንጭ ደግሞ የሚሄድበት አለው። የነቀምቴ ዙሪያ ውሃ ወይ ወደ አንገር ወይ ወደ ዲዴሳ ይወርዳል፤ አንገር ዲዴሳን፣ ዲዴሳ ዓባይን ይቀላቀላል። ከዚያ በታች ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውሃ ተኝቷል። እኛ ቦይ ውስጥ የተጣለች አንዲት አንጓ መንገድ ላይ ልትሞት ትችላለች፤ ደጋው ሊበርዳት፣ ጎርፉ ሊደቁሳት ይችላል። ግን ታች ቆላ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ብርሃኑም አምፖል አይጠይቅም። አንዷ ከተረፈች ደግሞ አንዷ ስንት እንደምትሆን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ትርፉን ቆርቆሮ ላይ አስጥተን እንደ ብርንዶ ሳይሆን እንደ ቋንጣ እናደርቀዋለን፤ በእጅ ሲጨብጡት ድቅቅ ሲል ጓሮ እንቀብረዋለን። የገንዳውም ውሃ ለጎመኑ እንጂ ለቦዩ አይደርስም። ጎመኑም ወዶታል።

ለመትከል የምትፈልጉ ካላችሁ ቀንበጥ ሞልቷል። መጀመሪያ ገንዳችሁን፣ ቀጥሎ የምታደርቁበትን ቦታ አሳዩን። ከዚያ ጋዜጣውን አርጥበን እንጠቀልልላችኋለን።