አሮን የበዛበት ቤት

ይድረስ ለልጄ፦

  ቪዛሽ መውጣቱን ከነገርሽን ጀምሮ እናትሽ በርበሬና ሽሮ ስታሰናዳ፣ እኔ ደግሞ የምነግርሽን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። በስልክ የነገርኩሽ ይረሳል ብዬ በወረቀት ጻፍኩልሽ።

ወረታ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ልጅህ አሜሪካ ምን ልትማር ነው?" ይለኛል። "የንግግርና የቋንቋ ሕክምና" ስለው "ንግግርም ይታከማል እንዴ?" ይላል። ይታከማል እለዋለሁ። የሚንተባተብ ተማሪ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ ስትሮክ መትቶት የገዛ ልጁን ስም መጥራት ያቃተው አባወራ፣ አራት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ወረዳችን ፎገራ ውስጥ አሉ። የሚያክማቸው ነው የሌለው። በአገሪቱ ያሉት የሙያው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው።

ስለዚህ አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ "ይህ ነገር ናበጋ ቀበሌ ላለች እናት እጅ የሚገባው እንዴት ነው?" ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። አሜሪካ አንድ ባለሙያ ከአንድ ልጅ ጋር ክፍል ዘግታ ትሠራለች፣ ልጁም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ግን ከጉማራ ወንዝ እስከ ርብ ወንዝ ያለው ሜዳ ሁሉ አንቺን ብቻ ሊጠብቅ ነው። በነሐሴ እናቲቱ ከጧት እስከ ማታ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ ሩዝ ታርማለች። "በቀን ሃያ ደቂቃ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ ተለማመዱ" የሚል ወረቀት ብትሰጫት ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ያቺው እናት ግን ማታ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሩዝ ስትለቅም ልጁ አጠገቧ ነው። ጠጠር ባገኙ ቁጥር እሷ "ጠጠር!" ትበል፣ ልጁም ተከትሎ "ጠጠር!" ይበል፤ ያን ጊዜ ጠን ሁለት ሁለቴ እየተለማመደ ነው፤ እራቱም ይለቀማል። ከመጽሐፍ የምታገኚውን ልምምድ እንዲህ ወደ ሰፌዱና ወደ ቡናው ማምጣት ካልቻልሽ ዲግሪሽ ለፎገራ ብዙ አይረባም።

ሙሴ አንደበቱ ከባድ መሆኑን ለፈጣሪው ባመለከተ ጊዜ ወንድሙ አሮን አፍ ሆኖ ተሰጥቶታል። በእኛ ቤት ግን አሮን በዛ። አፉን ያልፈታው ልጅ ጣቱን ወደ እንስራው ሲቀስር አያት "ውሃ ነው የፈለገ" ትላለች፣ እህት ቀድታ ታመጣለች፣ ልጁም አንዲት ቃል ሳያወጣ ጠጥቶ ይሄዳል። እንግዳ "ስምህ ማን ነው?" ቢለው ሦስት ሰው ይቀድመዋል። ክፋት የለበትም፣ ስስት ነው። ሕክምናሽን ከእነዚህ አሮኖች ጀምሪ። ጠይቀው ዝም እንዲሉ፣ በልባቸው እስከ አሥር እየቆጠሩ ዓይኑን እያዩ እንዲጠብቁት አስተምሪያቸው። "ውሃ" እስኪል ማስጠማት ግን ጭካኔ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ካየሽ ተቆጪ። ልጁ ጣቱን ቀስሮ እንኳ መልስ ከሰጠ ይሰጠው፤ ስሙን እየጠሩለት ይሰጠው።

የሚንተባተበውን በተመለከተ የሙያሽን አንድ ታሪክ ከወዲሁ እወቂው። እ.ኤ.አ. በ1939 አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ቱዶር የምትባል የማስተርስ ተማሪ ነበረች። መምህሯ ዌንዴል ጆንሰን ራሱ የሚንተባተብ ሰው ነበር። ልጅን የሚያንተባትበው ወላጅ "ትንተባተባለህ" እያለ የሚሰጠው ስም ነው ብሎ ያስብ ነበር። ይህን ለመፈተን ከዴቨንፖርት የሙት ልጆች ማሳደጊያ 22 ልጆች ተመረጡ። ደህና አድርገው ይናገሩ ከነበሩት መካከል የተወሰኑት "መንተባተብ ጀምረሃል፤ አጥርተህ መናገር ካልቻልክ ባትናገር ይሻልሃል" እየተባሉ ወራት አለፉ። ልጆቹ እንደታሰበው ተንተባታቢ አልሆኑም፤ ግን አንገታቸውን ደፉ፣ ክፍል ውስጥ መናገር ፈሩ፣ ዝምተኛ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መንተባተብ በዘር ሊተላለፍ የሚችልና ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል፤ የጆንሰን ሐሳብ አልቆመም። የልጆቹ ዝምታ ግን እውነት ነበር።

ያቺ ተማሪ ክፉ አልነበረችም፤ መምህሯ ያዘዛትን ሠራች። አንቺም የመመረቂያ ጥናት ትሠሪያለሽ። የሚያስመርቅሽ ሐሳብ ልጅ የሚጎዳ ከመሰለሽ መመረቁ ይዘግይ። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ በሆነ ዕድሜያቸው ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹንም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ግን ስሙ ቀርቶ "ተብታቤ" የሚባል ልጅ ሁሌም አለ፤ ቁጥር መቁጠር እያወቀ እጁን አያወጣም። መምህር ሆኜ ስኖር ከዚህ በላይ የከነከነኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ይህ እኔም ጆሮዬን ያሠለጠንኩበት ነገር ነው። ከርብ ማዶ የሚመጣ ተማሪ ነበረኝ። ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ ካደገ በኋላ ተሰፍቶለታል፣ ስፌቱም ያማረ ነው። "ቆሎ" በል ስለው "ኦሎ" ይለኛል፤ "ከበሮ" ሲል "አበሮ" ይሆናል። ምክንያቱን ያስረዳኝ ኋላ ያገኘሁት ሐኪም ነው። ላንቃ ክፍት ሲሆን በአፍ የሚጠራቀመው አየር በአፍንጫ ይሾልካል፤ ልጁም አየሩን አፉ ውስጥ መያዝ ሲያቅተው ጉሮሮው ላይ መያዝ ይለምዳል። ቀዶ ጥገናው ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ ልማዱን አይነቅልም። ላንቃ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ቢሰፋ መልካም ነው፤ ገጠር ያለ ልጅ ግን አዲስ አበባ፣ እንደ የካቲት 12 ያለ ሆስፒታል እስኪደርስ አፉን በተሳሳተ መንገድ ፈትቶ ይጨርሳል። ሐኪሙ ትንሽ መስታወት ከልጁ አፍንጫ ሥር ይዞ "ፓፓ፣ ሳሳ" አስባለው፤ መስታወቱ ጉም ለበሰ። ይህን ማንኛዋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልታደርገው ትችላለች፤ አስተምሪያቸው።

አሜሪካ የምታገኚያቸው መፈተኛዎች በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ልክ የተሠሩ ናቸው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም። መጥበቅና መላላትም የለም፤ እኛ ግን "ገና" ስንል በዓሉን ይሁን ጊዜውን የሚለየው እሱ ነው። ደግሞ "አልሰበርኩትም" የሚል የሦስት ዓመት ልጅ ማን እንዳልሰበረ፣ ምን እንዳልተሰበረ፣ አለመሰበሩንም በአንድ ቃል ጨርሷል። የእንግሊዝኛውን ፈተና ወደ አማርኛ ብትመልሺው ይህን ሁሉ አይለካልሽም። ስለዚህ ለእረፍት ስትመጪ መቅጃ ያዢ፤ ደህና የሚናገሩ የፎገራ ልጆች በየዕድሜያቸው ምን እንደሚሉ ሰብስቢ፤ ደህናው ሳይታወቅ የዘገየው በምን ይታወቃል? አበባየሁ መሰለ መኮንን የተባሉ የአገራችን ምሁር በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ላንቃቸው የተሰፋ አማርኛ ተናጋሪዎችን ንግግር ለዶክትሬታቸው አጥንተዋል። ጽሑፋቸውን ፈልገሽ አንብቢ፤ ከዚያ ቀጥዪ።

አፉን ያልፈታ ልጅ ሲመጣልሽ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይታይ። እኛ ዘንድ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ አለ፣ በበጋ ማጅራት ገትር ይነሣል፤ ከትኩሳት ተርፎ ጆሮው የቀረ፣ ወይም አንጎሉ ተጎድቶ ንግግሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ አለ። መግል የሚፈሰው ጆሮማ በየቤቱ ነው። ፈጽሞ የማይሰማ ከሆነ በግድ አናግሩት እያልሽ ዕድሜውን አትጨርሺበት፤ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፣ ቶሎ ከሚያውቁት ጋር አገናኚው።

ጠበል የሚወስዱትን አትጣዪ። "ጠበሉንም ተጠመቁ፣ እኔም ጋ ኑ" በያቸው፤ ይመጣሉ። እንጥል ማስቆረጥን ግን አትለሳለሺ፤ ልጅን ያደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አንደበትም አይፈታም። ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ስትገቢም መጀመሪያ አቀማመጡን እዪ። ዘመድ ሁሉ ወዳጅነቱን ለመግለጽ ለተኛው በሽተኛ ውሃ ያንቆረቁራል፣ ውሃው ሳንባው ይገባል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ ሳል ሲመጣ ማቆም፤ መዋጥም የሙያሽ ክፍል መሆኑን ከአንቺ ነው የሰማሁት፣ እናም ሰው ሊሞትበት ይችላልና ችላ አትበዪው።

ትምህርቱ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪሽ በሌላ ሙያ ስለሆነ መግቢያ ኮርሶች ይጨምሩብሻል። ከዚያ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ አለ፤ 25ቱ ሌላውን እያየሽ፣ 375ቱ በገዛ እጅሽ። ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንት በሌላ ባለሙያ ሥር ትሠሪያለሽ። ልጆችን ብቻ አትምረጪ፤ አረጋውያንም ጋ ግቢ። በአነጋገርሽ የሚስቅ ካለ አትሸማቀቂ፤ የሰው አነጋገር ከአገሩ መምጣቱ ሕመም አለመሆኑን የሙያሽ ማኅበር ራሱ ይናገራል። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ጓያውም ሩዙም ለእኛ ይበቃል።

ብቻዬን ነኝ እንዳትዪ። ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም ያለበት እናት ነበረች፤ ሐኪም አልነበረችም፣ የውበት ባለሙያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ "አቡጊዳ ፎነቲክስ" የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች፤ ማዕከሉ ግን አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአካል ጉዳትና በተሃድሶ ሕክምና ላይ ይሠራል። ከመሄድሽ በፊት ሁለቱንም ጎብኚ፣ ስልካቸውን ያዢ።

አሁን የምለምንሽ አለ። መስከረም ላይ ስለሚንተባተብ ተማሪ መምህር ምን ማድረግ እንዳለበት በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሲያነብ ከአፉ አትንጠቁት፣ "ቀስ በል" አትበሉት፣ የሚያሾፍበትን ከልክሉ፣ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ። አባዝቼ ለወረታ የአንደኛ ክፍል መምህራን በየትምህርት ቤታቸው ሄጄ እሰጣቸዋለሁ። ረጅም አታድርጊው፤ እንግሊዝኛም አይግባበት።

አባትሽ
ከወረታ